ለእህት የተገዛ ወይን

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ግን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የኤክስሬይ ተቆጣጣሪ ነው። ጠርሙስ በደፋች ቁጥር «አፍሳሿ፣ ቱቦውን ዛሬም አሰከርሽው?» ይላት ነበር። ቀልዱ ከአፍ አፍ ሲዞር ስም ሆኖ ቀረ። አለቆቿም፣ የጽዳት ሠራተኞቹም፣ ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ልጆችም አፍሳሿ ይሏት ጀመር። እሷም አልከፋትም። ሥራዋ ማፍሰስ ነበርና።

የምትሠራው በአንድ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአንዱ በረራ ወርደው ወደ ሌላው የሚቸኩሉ መንገደኞች በሚያልፉበት የፍተሻ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ፀሐይ ትውጣ ዝናብ ይዝነብ የማይታወቅበት ቦታ ነው። ከኤክስሬዩ ቀጥሎ አንድ የብረት ጠረጴዛ አለ። ከጎኑ አፉ የሰፋ ገንዳ፣ ከጠረጴዛው እግር ጋር በገመድ የታሰረ የቡሽ መክፈቻ። ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ መጠጥ፣ ሱቁ ባሸገው ግልጽ ከረጢት ውስጥ ከነደረሰኙ ከሆነ ያልፋል። ከረጢቱ የጣት ስፋት እንኳ ከተቀደደ ግን አያልፍም። ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት ሻንጣው ቀድሟቸው ወደሚቀጥለው አውሮፕላን ሄዷል። ስለዚህ ጠርሙሱ ወደ እሷ ይመጣል።

እዚያ ጠረጴዛ ፊት የሰው ልጅ ጠባይ ሁሉ ይታይ ነበር። የሚሳደብ አለ፣ የሚለማመጥ አለ፣ «ፈገግታሽ እንዴት ያምራል» ብሎ ሊያዘናጋት የሚሞክር አለ። «ከምታፈስሺው ሆዴ ይያዘው» ብሎ ውስኪውን ቆሞ የጨለጠ ጎልማሳም አጋጥሟታል። ሰውየው ውስኪውን አዳነ እንጂ ራሱን አላዳነም፤ መሳፈሪያው በር ሲደርስ ወንበርና ሰው መለየት አቅቶት አውሮፕላኑ ጥሎት ሄደ። እሷ ግን ማንም ምንም ቢላት ከማፍሰስ ወደኋላ ብላ አታውቅም። ምክንያት ነበራት።

ባሏ የጭነት መኪና መካኒክ ነበር። ኮፈኑን ሳይከፍት፣ ሞተሩን በጆሮው ብቻ አዳምጦ «ይህቺ የታመመችው ሳንባዋን ነው» የሚል፣ ሾፌር ሁሉ «ሐኪሙ» እያለ የሚፈልገው ሰው። መጠጡን የጀመረው እንደማንኛውም ሰው፣ ከሥራ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ነው። መጀመሪያ እሱ መጠጡን ጠጣው፤ ኋላ መጠጡ እሱን ጠጣው። ሞተር ይለይ የነበረው ጆሮ በመጨረሻ የገዛ ልጁን ድምፅ መለየት ተሳነው። በር ስትከፍትለት «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» ይላት ነበር። ልጅቷ ትምህርቷን በጨረሰችበት ዓመት ሞተ። ከቀብር መልስ ሚስቱ ቤቱን አጠበች፣ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ለጎረቤት ሰጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ በደጃፏ መጠጥ አላለፈም። ሰርግ ተጠርታ እንኳ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ሲያነሳ እሷ ውኃዋን ይዛ ትቀመጣለች።

የፍተሻ ሥራ አግኝታ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲመድቧት፣ እንደ ምድብ ሥራ ሳይሆን እንደ ካሳ ቆጠረችው። ጠርሙስ በደፋች ቁጥር በልቧ «አንድ ቤት ዳነ» ትላለች። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ግን ውስኪው ገንዳው ውስጥ ሲንዶቆዶቅ ስትሰማ፣ የባሏን ጉሮሮ አንቃ የያዘች ያህል ደስ ይላት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብዙ አውሮፕላኖች ተከታትለው አረፉና አዳራሹ ጢም አለ። ከሰልፉ መሐል አንድ ትከሻው የሰፋ ሰው ከረጢት ደረቱ ላይ አቅፎ መጣ። ለመንገዱ የተገዛ አዲስ ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ረዝሞ መዳፉን ይሸፍነዋል። ጣቶቹ በሲሚንቶና በኖራ የተሰነጣጠቁ ናቸው። ግንበኛ መሆን አለበት ብላ ገመተች፤ አልተሳሳተችም። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው የተኛ ሕፃን የሚያስተኛ ይመስል ነበር። አፉ ላይ ተቀድዷል። ውስጡ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን አለ።

«ጌታዬ፣ ከረጢቱ ተከፍቷል» አለችው።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ አውሮፕላን ውስጥ። ልየው ብዬ ነው እንጂ ቡሹን አልነካሁትም። ይኸው እይው፣ እንዳለ ነው።»

«ከረጢቱ ከተከፈተ አያልፍም።»

«ለእህቴ ነው እኮ፣ እታለም።»

እሱንም ሰምታዋለች። ለአባቴ ነው፣ ለሐኪሜ ነው፣ ለሙሽሪት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ለራሱ መጠጥ የገዛ ሰው አንድም አላጋጠማትም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው፤ «ወይ እርስዎ ያፍስሱት፣ ወይ እኔ ላፍስሰው።»

ሰውየው ጠርሙሱን አየው፣ እጁን አየው። «የኔ እጅ እሺ አይለኝም። አንቺው አፍስሺው» አላት።

ቡሹን ነቅላ ደፋችው። ወይኑ እየተንዶቆዶቀ ወረደ፤ ሽታው ጠረጴዛውን አለበሰው። በልቧ የተለመደውን ቃል አለች። ቀና ስትል ግን ሰውየው እንደሌሎቹ ፊቱን አላዞረም፤ ስልኩንም አልነካካም። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሬሳ ሳጥን ላይ አፈር ሲወርድ የሚያይ ሰው ሆኖ ገንዳውን ያያል። የመጨረሻው ጠብታ እስኪወርድ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም።

«ባዶውን ትሰጪኛለሽ?» አላት። «ባዶ ጠርሙስ እንኳ ፈሳሽ አይደለም መቼም።»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ምን ያደርግልዎታል?»

«ላሳያት። ገዝቼልሽ ነበር ብላት ታምነኛለች። ግን ዓይኗ ቢያየው ይሻላል።»

ከዚያ ሳትጠይቀው ነገራት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ነበር፤ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ዕድሜዋን በሙሉ የሠራችው በአንድ ሆቴል ምግብ ቤት አስተናጋጅነት ነው። ይህንኑ ወይን፣ ይህንኑ ምልክት የተለጠፈበትን፣ ለእንግዳ ስትቀዳ ኖረች። አንድ ጊዜም አልቀመሰችውም። በወጣትነቷ ደንቡ ከለከላት፤ ኋላ ደግሞ ለእኔ ቢጤ አይሆንም ብላ ራሷ ከለከለች። አሁን አልጋ ላይ ናት፤ ሐኪሞቹ ወደ ቤቷ ውሰዷት ብለዋል። እሱ በሰው አገር ግንብ ሲገነባ ብዙ ዓመት ቆይቷል። በስልክ «ምን ላምጣልሽ?» ቢላት «ሌላው ሲጠጣ ቆሜ ኖርኩ። አንድ ጉንጭ እኔም ልቅመስና ልሂድ» አለችው።

ከኋላ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። ጠርሙሱን አለቅልቃ፣ በወረቀት ጠርጋ ሰጠችው። «እግዜር ይማርልዎት» አለችው። «አሜን። አንቺም ምን ታደርጊ፣ ሥራሽ ነው» ብሎ ባዶውን ጠርሙስ አቅፎ ሄደ።

ቀጥሎ የቀረበው መንገደኛ አንድ ጠርሙስ ኮኛክ ሰጣት። ክዳኑን አዞረች። ጠርሙሱን ልትደፋ ስትል የእጇ አንጓ እምቢ አለ። የማን ቤት ነው አሁን የዳነው? ሰውየውን ያስቆመችው እሷ አይደለችም፤ ደንቡ ነው፤ ሌላ ሰው እዚያ ቢቆምም ወይኑን ያፈስሰው ነበር። ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን ደንቡ የአውሮፕላን ማረፊያው ነው፤ ስታፈስ የተሰማት ደስታ የራሷ ነበር። እሱን በማን ታላክክ?

ጓንቷን አወለቀች። አጠገቧ ያለችውን ባልደረባዋን «አንድ አፍታ ያዢልኝ» ብላ ጠረጴዛውን ጥላ ወጣች። ሥራ ከጀመረች ወዲህ ያለ ፈቃድ ቦታዋን ስትለቅ የመጀመሪያዋ ነው። በረጅሙ መተላለፊያ በሩጫና በእርምጃ መሐል ሆና ሄደች። ግንበኛው መሳፈሪያው በር አጠገብ፣ ጠርሙሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ይነሱ» አለችው።

ደንግጦ ተነሳ። «ምነው፣ ሌላ ጥፋት አለብኝ?»

«የለብዎትም። እዚህ ውስጥ ሱቅ አለ። ከፍተሻ በኋላ ስለሆነ ከዚህ የገዙትን የሚነካብዎት የለም። አውሮፕላን የሚቀይር ሰው መግዛት ያለበት ከመጨረሻው ሱቅ ነው። አልነገሩዎትም?»

«ከተነሳሁበት ይረክሳል ብለው መከሩኝ» አለ። ቀጥሎ አቀረቀረ። «አሁን ኪሴ ውስጥ ያለው ቤቷ ድረስ ለታክሲ የሚሆነኝ ብቻ ነው።»

«እኔ መች ጠየቅሁዎት?» አለችና ቀደመችው።

ያንን ሱቅ በየቀኑ ታልፈዋለች፤ እንደ ደመኛ ደጅ ፊቷን አዙራ። አሁን ገባች። በመብራት የሚያብረቀርቁ ጠርሙሶች ግድግዳውን ሞልተውታል። ብዙዎቹን ታውቃቸዋለች፤ ግን የምታውቃቸው በሽታቸውና ገንዳው ውስጥ ባላቸው ቀለም ነው እንጂ ሞልተው ቆመው ስታያቸው እንግዳ ሆኑባት። ሻጯ ልጅ አፏን ይዛ «እትዬ! እርስዎ? ምን ጉድ ነው ዛሬ!» አለች።

የዚያ ዓይነት ወይን አልነበረም። ግንበኛው በመደርደሪያዎቹ መሐል ሄደ መጣ፤ ፊቱ ወደቀ። «እሷ የምታውቀው ይሄንን ነው» አለ ባዶውን እያሳየ።

«ባዶው እጅዎ ላይ አለ አይደል? እሱን ያሳይዋት፣ ሌላውን ያቅምሷት።»

አሰበበትና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሻጯ አንድ ቀይ ወይን መረጠችላቸው፤ አፍሳሿም የኪሷን አውጥታ ከፈለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጠጥ ያወጣችው የመጀመሪያ ገንዘብ ነው። ልጅቷ ከረጢቱን ስታሽግ አፍሳሿ ጣቷን ቀስራ «ዓይንዎ ቢያምረውም እህትዎ አልጋ አጠገብ ሳይደርሱ እንዳይከፍቱት» አለችው። ግንበኛው ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። እጇን በሁለት ሻካራ እጆቹ ጭብጥ አድርጎ ያዛት፤ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ በድምፅ ማጉያው የበረራው ጥሪ ቀደመው።

ስትመለስ የፈረቃው አለቃ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። በዕድሜ ልጇ የሚሆን፣ ጨዋ ሰው ነበር፤ ለዚህ ነው መቆጣት ያስቸገረው።

«እትዬ፣ ጠረጴዛ ጥለው ሄዱ። እሱ ይሁን። ለመንገደኛ መጠጥ ገዙ ነው የሚሉኝ። እርስዎ?»

«አዎ፣ እኔ።»

«ምን ነካዎት?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው፣ ልጄ» አለችው።

ማስጠንቀቂያ ጻፈባት፤ ከጠረጴዛውም አንስቶ የመንገደኛ ዕቃ የሚፈተሽበትን ባዶ ትሪ የምትሰበስብ አደረጋት። አልተከራከረችም። ትሪ እየደራረበች ስትገፋ ባልደረቦቿ ይንሾካሾካሉ።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ልጇ ቤት ሄደች። ልጇ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ገና አላወለቀችም። እናት የዕለቱን ነገር ከሀ እስከ ፐ ነገረቻት። ልጅ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ብልሽ ትቆጫለሽ?»

«ተናገሪ።»

«መጠጡን ከቤት ስታስወጪ አባዬንም አብረሽ አስወጣሽው። ከቀብሩ በኋላ ስሙን ጠርተን እናውቃለን? እኔ እኮ የማስታውሰው ሰካራሙን ብቻ አይደለም። ሞተር ኮፈን ላይ አስቀምጦኝ፣ ጆሮዬን አስጠግቶ፣ ‹ስሚ፣ ይሄኛው ይስላል› የሚለኝንም አስታውሳለሁ። እሱን የማወራው ሰው አጥቼ ነው የኖርኩት።»

አፍሳሿ ክፉኛ ከፋት። ልትቆጣ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ዋጠችው። ከዚያ «የመጀመሪያ ቀን ያየሁት መኪና ሥር ተኝቶ ነው» አለች። «እግሩን ብቻ ነው ያየሁት። እዚያው ሆኖ፣ ‹ይህቺ የቆመችው ሴት አረማመዷ ልክ ነው፣ ብልሽት የለባትም› አለኝ።» ልጅ ፈገግ አለች፤ እናት አለቀሰች። ያን ምሽት ሰውየው ከነደጉ ከነክፉው ወደ ቤት ተመለሰ። የበደላትም በደል አልተረሳም፤ እሱንም አወሩት። ሲያወሩት ግን ከበፊቱ ቀለል አለ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ትሪ ስትደራርብ ከኋላዋ «እታለም» የሚል ድምፅ ሰማች። ግንበኛው ነው። ኮቱ ያው ነው፤ እሱ ግን ከስቷል። እህቱ መሞቷን ሳትጠይቀው ከፊቱ አወቀች።

«ደረሱላት?» አለችው ብቻ።

«ደረስኩላት። አንቺ ነሽ ያደረስሽኝ።» ከሰልፉ ወጣ ብሎ አጠገቧ ቆመ። «ትራስ ደግፈን አስቀመጥናት። ባዶውን ሳሳያት ምልክቱን በአውራ ጣቷ እያሻሸች ሳቀች። ያንቺን ቀዳሁላት። አንድ ጉንጭ ጠጣች፤ ፊቷን አጨማደደችና ‹ለዚህ ነው እንዴ ያ ሁሉ እንግዳ ሲንጫጫብኝ የኖረው?› አለች። ሁላችንም በሳቅ ሞትን። ትንሽ ቆየችና ብርጭቆዋን ዘረጋች፤ ‹እስቲ ጨምርልኝ፣ ምናልባት ሁለተኛው ይሻል ይሆናል›።»

አፍሳሿ ሳታስበው ሳቀች። እሱም ሳቀ።

«ነፍሷን ይማር» አለችው።

«አሜን። ግን አንድ ጉድ ልንገርሽ። ወይኑን በቀመሰች ማግስት፣ ገና በሕይወት ሳለች፣ ሻማ ልገዛ ከቤቷ ማዶ ካለው ግሮሰሪ ብገባ፣ ያ ወይን፣ ያው ራሱ፣ ተደርድሮ ቆሟል። ዋጋው ከአውሮፕላን ማረፊያው ያንሳል! እኔ ቂሉ እዚያ ማዶ ይረክሳል ብዬ ስንት ባሕር ተሻግሬ ተሸከምኩት። ተናድጄ ቤት ተመልሼ እህቴን ‹እትዬ፣ እዚህ እንዳለ ታውቂ ነበር?› አልኳት። ‹በየቀኑ አየው ነበር› አለችኝ። ‹ታዲያ ለምን ጎረቤት አትልኪም ነበር?› ብላት ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ግሮሰሪው ወይን እንጂ ወንድም አይሸጥም›።»

ይህን ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። የወይኑን ዋጋ ሊመልስላት ኪሱ ሲገባ እጁን ያዘችው። «ይተዉት። እኔም የገዛሁት ለራሴ ነው» አለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቃትም። ሰላምታ ተለዋውጠው ወደ መሳፈሪያው በር አቀና። ከዚያ ወዲህ አልተገናኙም።

ሰው ሲያንስ አለቃው ወደ ጠረጴዛዋ መለሳት። ያልታሸገውን ማፍሰሷን አልተወችም፤ ደንብ ደንብ ነው። ግን ፈረቃዋ ሲጀምር ሰልፉ ጫፍ ድረስ ሄዳ «መጠጥ የያዛችሁ፣ ከረጢቱን እንዳትነኩት!» ብላ መጮህ ጀመረች። የተከፈተውን ይዞ የመጣ ካለ ደግሞ ሰዓቱን አይታ፣ ጊዜ ካለው የውስጡን ሱቅ ትጠቁመዋለች። ስታፈስም የጠርሙሱን ባለቤት ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፤ በልቧም የምትለው ነገር የለም።

ጎረቤቶቿ፣ በተለይ ልጆቻቸው ከሰው አገር የሚመላለሱት፣ «እስቲ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ መጠጥ መግዛት ያዋጣል?» እያሉ ይጠይቋታል። እንደ ነጋዴ ትመልስላቸዋለች። «ቀረጡ የከበደበት አገር የምትሄዱ ከሆነ ውስኪና ኮኛኩ ያዋጣ ይሆናል። ወይኑ ግን ብዙ ጊዜ ከሰፈር ሱቅ አይሻልም፤ ዋጋውን ከቤታችሁ ሳትወጡ ጠይቁ። መንገድ ላይ አውሮፕላን የምትቀይሩ ከሆነ ከመጨረሻው ሱቅ ግዙ። ምን ያህል ማስገባት እንደሚፈቀድም እወቁ፤ ለትርፉ ጉምሩክ ይጠብቃችኋል።» ይህን ትልና ታቆማለች። ስለ ግንበኛውና ስለ እህቱ የምትነግረው ለልጇ ብቻ ነው።

ከጊዜ በኋላ ፈሳሹን ከነጠርሙሱ የሚመረምር አዲስ መሣሪያ መጣና ማፍሰስ ቀረ። ሠራተኞች የብረት ጠረጴዛውን ነቅለው ወሰዱት፤ ገንዳውን ደፈኑት። እሷን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሚያልፉበት በኩል መደቧት፤ ጫማ ማውለቅ ያቃታቸውን እየረዳች እስከ ጡረታዋ እዚያ ሠራች። እዚያ በተመደበች በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ወገቧ የጎበጠ አሮጊት ከቦርሳዋ ውስጥ በሻሽ የጠቀለለችውን ጠርሙስ አውጥታ፣ በፍርሃት ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «ይሄ ያልፍ ይሆን፣ ልጄ?» አለቻት።

«ያልፋል፣ እማማ» አለቻትና ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስርላት ጀመር።